ትልቅ አዳኝ ውሻን ጥሬ ሥጋ መመገብ፦ ከሉካንዳ እስከ ሳህን

መቻል ወንድ ሪጅባክ ነው። 38 ኪሎ ይመዝናል። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። በቀን ምን ያህል እንደሚበላ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲህ መቻል ነው» አለች። ስሙ በዚያው ጸና።

ጥሬ ሥጋ መመገብ ከጀመርን አራተኛ ዓመታችን ነው። የጎረቤቱም የዘመዱም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሥጋ ለውሻ?»። ሁለተኛው ጥያቄ ውሻ ካላቸው ሰዎች ይመጣል፤ «እኔም ከሉካንዳ የተረፈ እያመጣሁ እሰጠዋለሁ፤ ያው አይደለም እንዴ?»። ያው አይደለም። ይህን ያስጻፈኝም ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ለውሻ ሥጋ መወርወር ማንም ይችላል። ጣጣው ያለው ከሥጋው ጋር አብሮ መሄድ ያለበትና ጨርሶ ግቢ መግባት የሌለበት ነገር ላይ ነው። በተለይ እዚህ አዲስ አበባ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ጥሬ ሥጋን አይደግፉም። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ጀርሙ እንዲጠፋ ያልተደረገ ጥሬ ሥጋ ለውሻና ለድመት እንዳይሰጥ የሚመክር አቋም አውጥቷል። ምክንያቱ ጀርሙ ነው፤ ለውሻውም ለቤተሰቡም። እኔ ጥሬውን የመረጥኩት ተአምር ስለሚሠራ አይደለም። ለትልቅ ውሻ የሚሆን ጥሩ ደረቅ ምግብ አንድ ወር አገኛለሁ፣ ሦስት ወር አጣለሁ። ሥጋ ግን በሰፈሬ አለ። በደንብ የተመጣጠነ የበሰለ ምግብ ከጥሬ ያንሳል የሚለኝ ካለ አልስማማም።

ውሻው ማን ነው?

ሪጅባክ የደቡባዊ አፍሪካ ውሻ ነው። ጀርባው ላይ መሐል ለመሐል የሚሄደው የፀጉር መስመር ከሌላው በተቃራኒ ወደ ፊት የተኛ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። የዝርያው መለኪያ የተጻፈው በ1922 እ.ኤ.አ. ቡላዋዮ ውስጥ ነው። አንበሳን ገትሮ ለማቆየት ያሠለጥኑት ነበር። መቻል ግን የሚገትረው የጎረቤቴን ዶሮ ብቻ ነው።

ወንዱ 36 ኪሎ አካባቢ፣ ሴቷ 32 አካባቢ ይመዝናሉ። ደረታቸው ጥልቅ፣ ወገባቸው ቀጭን ነው። ግሬት ዴንም፣ ብለድሃውንድም፣ ግሬይሃውንድም ያላቸው ሰዎች የምጽፈውን በውሻቸው ክብደት አስልተው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የደረቱን ጥልቀት ያነሳሁት ለውበቱ አይደለም። ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

እነማን ባይጀምሩት ይሻላል?

ቡችላ ያላችሁ አትጀምሩ። ይህ ለክርክር የሚሆን ነገር አይደለም። የትልቅ ዝርያ ቡችላ እስከ ስድስት ወሩ ድረስ ሆዱ የገባለትን ካልሲየም «በቃኝ» ብሎ መመለስ አይችልም። ሲበዛበት አጥንቱ ተዛብቶ ያድጋል። ሲያንስበት ደግሞ ሰውነቱ ከራሱ አጥንት እየቦረቦረ ይወስዳል፤ ዘሎ ሲወርድ እግሩ የሚሰበር ቡችላ እንደዚያ ነው የሚመጣው። በኩሽና ሚዛን ይህን መስመር መጠበቅ ከባድ ነው። ሪጅባክ አድጎ እስኪጨርስ ዓመት ተኩል ይፈጃል። እስከዚያ ለትልቅ ዝርያ ቡችላ የተዘጋጀ ምግብ ስጡት። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ቤታችሁ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ አቅመ ደካማ አዛውንት ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የወረደ ሰው ካለም ይቅርባችሁ። ጥሬ የሚበላ ውሻ ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሳይታመም ተሸክሞ በሰገራው ሊጥል ይችላል። ፊት የሚልስ ውሻና የሚድህ ሕፃን ባሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ሥጋውን ቀቅላችሁ አጥንቱን በእንቁላል ቅርፊት ዱቄት ብትተኩት ችግሩ ይቃለላል። የቅርፊቱ አሠራር ከታች አለላችሁ።

ስሌቱ

ያደገ ውሻ በቀን የክብደቱን ከ2 እስከ 3 በመቶ ይበላል። በ2.5 ጀምሩ። ለመቻል 38 ኪሎ በ2.5 በመቶ 950 ግራም ይሆናል። በሳምንት 6 ኪሎ ከ650 ግራም ገደማ።

ጥሬ የሚመግቡ ሰዎች የሚያዘወትሩት ክፍፍል ይህን ይመስላል፦ 80 በመቶ ሥጋ፣ 10 በመቶ አጥንት፣ 5 በመቶ ጉበት፣ 5 በመቶ ሌላ የሆድ ዕቃ ማለትም ኩላሊት ወይም ጣፊያ። በመቻል ሳምንት ሲሰላ፦

- ሥጋ 5 ኪሎ ከ300 ግራም
- አጥንት 670 ግራም ገደማ
- ጉበት 330 ግራም
- ኩላሊት ወይም ጣፊያ 330 ግራም

«አጥንት 670 ግራም» ሲባል ራቁቱን አጥንት ገዝቶ መስጠት ማለት አይደለም። አጥንቱ ከሥጋው ጋር ነው የሚመጣው። ሙሉ የፈረንጅ ዶሮ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ወይም ትንሽ በለጥ ያለው አጥንት ነው። ስለዚህ እያንዳንዳቸው 1 ኪሎ ከ200 የሚመዝኑ ሁለት የፈረንጅ ዶሮዎች የሳምንቱን አጥንት ይሸፍናሉ። አብሯቸውም 1 ኪሎ ከ700 ገደማ ሥጋና ቆዳ ይመጣል። የጎደለው 3 ኪሎ ተኩል አካባቢ የከብት ሥጋ ነው። ሒሳቡ ይኸው ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪዘሩ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

የሐበሻ ዶሮ ለዚህ አይሆንም። ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ያረጀች ዶሮ አጥንቷ ደረቅና ጠንካራ ነው። እሷን ለዶሮ ወጥ ተዉአት።

አጥንቱ ለምን እንዲህ ያስጨንቀኛል? ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፤ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ውሻ ሁለቱን ተቀራራቢ በሆነ መጠን ይፈልጋል፤ ካልሲየሙ በትንሹ በለጥ ቢል ነው የሚመረጠው። ወራት ሙሉ ንጹሕ ቀይ ሥጋ ብቻ የበላ ውሻ ሲያዩት ይጠግባል፣ ያብረቀርቃል፤ አጥንቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይሳሳል። «ምርጥ ሥጋ ነው የምሰጠው» የሚሉ ሰዎች ውሾቻቸውን የሚጎዱት በዚህ ነው።

አጥንት መስጠት ካልፈለጋችሁ ወይም ውሻችሁ ሳያኝክ የሚውጥ ከሆነ የእንቁላል ቅርፊት አለ። ቅርፊቱን እጠቡ፣ አሥር ደቂቃ ቀቅሉ፣ በምጣድ ወይም በኦቨን አድርቁ፣ ከዚያ እንደ ዱቄት እስኪልም ፍጩት። እኔ በቡና ሙቀጫ ጀምሬ በመጨረሻ አሮጌ የቡና መፍጫ ማሽን መደብኩለት። ለአንድ ኪሎ አጥንት አልባ ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ግራም ያህል ማለት ነው። ይህ ወደ 2 ግራም ካልሲየም ይሰጣል። አጥንት በሰጣችሁበት ቀን ቅርፊቱን አትጨምሩ።

ሉካንዳ ስትሄዱ

ውሻ ታናሽና ሻኛ አያስፈልገውም። ሰው የሚሻማበትን ሥጋ ለውሻ መግዛት ለኪስም ለኅሊናም አይመችም። የምጠይቀው ልብ፣ የራስ ሥጋና ሲጠርቡ የሚወድቀውን ቅራፊ ነው። ልብ የሆድ ዕቃ ቢመስልም በስሌታችን የሚቆጠረው ከሥጋ ጋር ነው፤ ጡንቻ ነውና። ስቡን ግን በልክ አድርጉት። ጮማ የሰው ደስታ ነው። ውሻ ላይ ግን ቆሽት ያስቆጣል፤ ያመመው ውሻ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ሲነኩት ይጮኻል፣ ሐኪም ዘንድ ያስተኛል።

አሁን የማትገዙትን ልንገራችሁ፤ በነጻ ቢሰጧችሁም የማትቀበሉትን ማለቴ ነው።

ቅልጥም። የከብት የእግር አጥንት ሙሉ በሬ ሲሸከም የኖረ ነው። ውሻው በመንጋጋው ሊሰብረው ሲታገል የሚሰበረው ጥርሱ ነው። ሉካንዳ ቤት ግን «ለውሻ» ስትሉ መጀመሪያ የሚዘረጉላችሁ እሱን ነው።

ጉሮሮ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ እኔም ዘግይቼ ነው የሰማሁት። የታይሮይድ ዕጢ የሚገኘው አንገት ውስጥ፣ ከአየር ቧንቧው ጎን ነው። ጉሮሮ ሲቆረጥ ዕጢው አብሮ ይመጣል። እሱን አዘውትሮ የሚበላ ውሻ የሌላ እንስሳ ሆርሞን እየዋጠ ነው። ይከሳል፣ ያለከልካል፣ ዕረፍት ያጣል፣ ልቡ ይመታል፣ አንዳንዱም ነገረኛ ይሆናል። ጉሮሮው ሲቀርበት አብዛኛውን ጊዜ ይስተካከላል። ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ።

የበሰለ አጥንት። ሲበስል ይደርቃል፤ ሲደርቅ እንደ መርፌ ይሰነጠቃል። የዶሮ ወጥ ትራፊ ደግሞ ጥፋቱ ድርብ ነው፤ የበሰለ አጥንትም፣ ሽንኩርትም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። በዓል ሲመጣ ለእንግዶች ቀድሜ የምናገረው ይህንን ነው፤ ከገበታ ላይ ምንም አትስጡት። እስካሁን የሰማኝ ግማሹ ነው።

ሳንባ፣ ጉበትና የቅርጫው ነገር

እዚህ ጋ ረዘም ላድርገው። በሌላ አገር ሰው የተጻፈ መመሪያ ብታነቡ ይህን ክፍል በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛ አገር ግን ዋናው እሱ ነው።

በበዓል ሰሞን ቅርጫ ይታረዳል፤ በግም በየግቢው ይታረዳል። ሥጋው በመደብ ይከፋፈላል። ሳንባው፣ የተበላሸ የመሰለው ጉበትም ደጅ ላይ ለሚጠብቁ ውሾች ይወረወራል። አንዳንድ ጊዜ ሳንባው ላይ ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጣ ያለ ከረጢት ይታያል። አንድም ሊሆን ይችላል፣ ብዙም። ይህ ሃይዳቲድ ይባላል፤ የአንዲት ትንሽ የውሻ የኮሶ ትል ዕጭ ነው። ውሻው ከረጢቱን ሲበላ ውስጡ ያሉት ዕጮች አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናሉ። ትሏ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ሰገራ ላይ በዓይን አታይዋትም። ውሻው ምንም አይመስለውም። እንቁላሏ ግን በሰገራው ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይቀራል፣ ወደ ጓሮ ጎመን ይሄዳል፣ ወደ ልጅ እጅ ይሄዳል። ሰው ሲውጠው በተራው ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ያው ከረጢት ያድግበታል። ለዓመታት ሳይታወቅ ያድግና ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ቄራዎቻችን ውስጥ ሳንባና ጉበት ተመርምሮ ከሚጣልባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

የኔ ደንብ አጭር ነው። ሳንባ ግቢ አይገባም። ጉበት፣ ኩላሊትና ጣፊያ የሚገዙት ተመርምሮ ማህተም ከተመታበት እርድ ብቻ ነው። ከገዛሁም በኋላ ቆራርጬ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እቀቅላቸዋለሁ። ውኃውን አልደፋውም፤ ሥጋው ላይ አፈሰዋለሁ። አዎ፣ ይህ «ንጹሕ ጥሬ» አይደለም። የጥሬ አክራሪዎች ይቆጡኛል። ይቆጡ።

ጉበት የቪታሚን ኤ ጎተራ ነው፤ ያለ እሱ አይሆንም። ሲበዛ ግን ቪታሚኑ ሰውነት ውስጥ ተከማችቶ አጥንትና መገጣጠሚያ ይጎዳል። ከ5 በመቶ አትለፉ። የመቻል የቀን ድርሻ 47 ግራም ነው፤ የእንቁላል ያህል ቁራጭ።

ከቅቀላው ሌላ የትል መድኃኒት አለ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው ነው፤ መጠኑን ሐኪሙ በክብደቱ ይወስናል። በየሦስት ወሩ መስጠት የተለመደ ነው። ጥሬ ለሚበላ ውሻ ግን በየስድስት ሳምንቱ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንዲሆን ሐኪሙን ጠይቁት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ይቺ ትል ከተዋጠች በኋላ እንቁላል መጣል የምትጀምረው ከስድስት ሳምንት አካባቢ ጀምሮ ነው። ሳትደርስ ትቀድሟታላችሁ። ሰገራውን በጓንት አንሡ፤ ጓሮ አትክልት አጠገብ እንዳይጥል አድርጉ።

በነገራችን ላይ ሰው ሁሉ የሚፈራው የሰው ኮሶ ውሻው ላይ አይኖርም። የከብት ሥጋ ኮሶ አድጎ ሙሉ ትል የሚሆነው ሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ «ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያስይዘዋል» ብሎ ለውሻዬ የሚያዝንልኝ ጓደኛዬ፣ እጁ ላይ ቢላዋና ጥሬ ቁርጥ ይዞ ሲያወራኝ ለራሱ ቢያዝን ይሻለዋል።

ፍሪዘር

ቀይ ሥጋውንና ዶሮውን ከመስጠታችሁ በፊት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ለአሥር ቀን አቆዩት። በጡንቻ ውስጥ የሚደበቁትን እንደ ቶክሶፕላዝማና ኒዮስፖራ ያሉ ጥገኛ ሕዋሳት ብርዱ ይገድላቸዋል። ባክቴሪያን ግን አይገድልም። ሳልሞኔላ በረዶ ውስጥ ይተኛና ሲቀልጥ ይነሣል። ይህን መርሳት የለባችሁም።

መብራት ይሄዳል። እናንተ ሥራ ስትውሉ ሄዶ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። አንድ ኩባያ ውኃ አቀዝቅዙና በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ኩባያው ፍሪዘር ውስጥ ይኑር። ሳንቲሙ ላዩ ላይ ካለ ደኅና ነው። ከታች ሰጥሞ ካገኛችሁት ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ያን ሥጋ ብትጥሉት ይሻላል።  እኔ በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ የሁለት ሳምንት ስንቅ ጥያለሁ። እናቴ የውሻውን ስም ደገመችልኝ።

ሥጋው የሚቀዘቅዘው በየቀኑ ድርሻ ተመዝኖ ነው። ትልቅ ጉማጅ ካቀዘቀዛችሁ በመጥረቢያ ስትታገሉ ትገኛላችሁ። የሚቀልጠው ደግሞ ፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጎድጎድ ባለ ዕቃ፣ አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ጠረጴዛ ላይ አይደለም። የቀለጠ አይመለስም።

ማላመድ

ያደገ ጤነኛ ውሻ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይበቃዋል። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ፤ አጥንት የሌለው ዶሮ ጥሩ ነው። የሚበላውን የድሮ ምግብ ሩቡን በዶሮ ተኩ። ሦስት አራት ቀን አይታችሁ ግማሹን፣ ከዚያ ሦስት አራተኛውን። በዚህ መሐል ካልሲየሙን በቅርፊት ዱቄት ሸፍኑ። ሆዱ ከተበላሸ ወደኋላ አንድ እርምጃ ተመለሱ፤ አትቸኩሉ። አጥንት ያለው ዶሮ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጉበት ደግሞ ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ። ጉበትን በመጀመሪያው ሳምንት የሰጠ ሰው ሌሊት ምንጣፍ ሲያጥብ ያድራል። ከራሴ ነው የማወራው።

አጥንት የመጀመሪያ ጊዜ ስትሰጡ አጠገቡ ቁሙ። ትልቅ ውሻ ትንሽ አጥንት ሲያገኝ ሳያኝክ ይውጣል። ስለዚህ ዶሮውን በትንሹ አትቆራርጡት፤ ግማሽ ወይም ሩብ ዶሮ ስጡት፣ ለማኘክ ይገደድ። እንዲያም ሆኖ የሚውጥ ከሆነ አጥንቱን ተዉትና ወደ ቅርፊቱ ሂዱ። ሥጋ መፍጫ ያለው ልኳንዳ ካገኛችሁ ዶሮውን ከነአጥንቱ የሚያስፈጩ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም ማሽን ግን አይችለውም፣ ባለቤቱም ደስ አይለውም።

የጎደለው

ስሌቱን ጨርሳችሁ «ሙሉ ምግብ ነው» ብላችሁ እንዳትተኙ። ሥጋ፣ አጥንትና ጉበት ብቻ ሲሆን ማንጋኒዝ፣ አዮዲን፣ ቪታሚን ዲና ቪታሚን ኢ ያጥራሉ፤ ዚንክም ብዙ ጊዜ ያንሳል። እኔ በሳምንት ሁለቴ የታሸገ ሰርዲን እሰጠዋለሁ፤ በውኃ የታሸገ ካገኘሁ እሱን፣ ካጣሁ ዘይቱን አንጠፍጥፌ። ቲማቲም ያለበትን አልገዛም። ከሐይቆቻችን የሚመጣውን ቆሮሶና ሌላ ዓሣ ደግሞ ቀቅዬ፣ እሾሁን ለቅሜ ነው። ጥሬ የሐይቅ ዓሣ ትል ስለሚኖረው አልደፍርም። በሳምንት ሦስት እንቁላልና አንድ እፍኝ የተቀቀለ ቆስጣ ወይም ዱባም አለው። እነዚህ ሲገቡ ከሥጋው ያንኑ ያህል ይቀነሳል። የቀረውን በማዕድንና ቪታሚን ዱቄት እሸፍናለሁ። ምን ዓይነት፣ ስንት ግራም የሚለውን ሐኪሜ የምሰጠውን ዝርዝር አይቶ ነው የወሰነልኝ። የእናንተ ዝርዝር የተለየ ስለሚሆን የእኔን አትቅዱ።

ሰዓቱና ሆዱ

ደረቱ ጥልቅ ነው ያልኩት እዚህ ጋ ይመጣል። እንዲህ ያሉ ውሾች ጨጓራቸው በአየር ይነፋና ይዞራል። ሲዞር መግቢያውም መውጫውም ይታነቃል፤ ደሙም ይቆማል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በቀን አንዴ ብዙ መመገብና እየተስገበገበ መብላት አደጋውን እንደሚጨምሩ የተጠና ነው። ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ሳህንም እንዲሁ፤ ድሮ ይከላከላል ተብሎ ይመከር ነበር፣ በአንድ ትልቅ ጥናት ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ።

ስለዚህ 950 ግራሙን ለሁለት ክፈሉት፤ ጠዋትና ማታ። ሳህኑ መሬት ላይ ይሁን። የሚስገበገብ ከሆነ ሰፊ ትሪ ላይ በትኑለት። ከመብላቱ አንድ ሰዓት በፊትና ከበላ ሁለት ሰዓት በኋላ ሩጫም ጨዋታም የለም።

ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ከጠነከረ፣ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ምራቁ ከተዝረከረከና መቀመጥ መቆም ካቃተው «እስኪነጋ ልይ» አትበሉ። ሌሊት የሚከፍት ሐኪም ስልክ ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ ይመዝገብ። አስቀድማችሁ ደውሉና ይህን ቀዶ ሕክምና ይሠሩ እንደሆነ ጠይቁ። ሁሉም አይሠሩም።

ሰገራና ክብደት

ደስ የማይል ወሬ ነው፤ ግን ሳህኑን ከማየት ይልቅ ሰገራውን ማየት ይጠቅማል። ነጭና እንደ ኖራ የሚፈረፈር ከሆነ አጥንት በዝቷል፤ ቀንሱ፣ አለበለዚያ ይደርቅበታል። ቀጭንና ጠቆር ያለ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጉበቱ በዝቷል። እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚያጣብቅ ወይም ደም ያለበት ከሆነ ግን የምግብ ማስተካከያ አይደለም የሚያስፈልገው፣ ሐኪም ነው።

በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት። ሚዛን ላይ እሱን ታቅፋችሁ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን፤ ልዩነቱ የእሱ ነው። 38 ኪሎ መታቀፍ ካልቻላችሁ ሐኪም ቤት ሚዛን አለ። ከሚዛኑ በላይ ግን እጃችሁን እመኑ። የጎድን አጥንቱ ሲዳሰስ መቆጠር አለበት፤ ከሩቅ ግን ጎልቶ መታየት የለበትም። ሪጅባክ ሆዳም ነው፤ ጠግቦም እንደራበው ሰው ያያችኋል። ያ ዓይን እንዳያታልላችሁ።

ጾም ሲገባ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ ልኳንዳዎች ይዘጋሉ። በፍልሰታም እንዲሁ። የሙስሊም ልኳንዳ በአቅራቢያችሁ ካለ ችግር የለም። ከሌለ ከቅበላው በፊት ስንቅ መያዝ ግድ ነው። የመቻል የ55 ቀን ምግብ 52 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ተራ ፍሪጅ ላይ አይገባም። እኔ የሁለት ሳምንቱን አስቀምጥና የቀረውን ከሱፐርማርኬት የቀዘቀዘ ዶሮ እያመጣሁ እሞላለሁ። በቅበላ ዕለት ልኳንዳ ሰልፍ ላይ ቆሞ «ለውሻ ነው» ማለት ግን አይመከርም። ከሦስት ቀን በፊት ሂዱ።

ጽዳት

ዶሮን በሎሚና በጨው ማጠብ ለወጥ የለመድነው ነው። ለዚህ ሥራ አታድርጉት። ሳልሞኔላን አይገድልም፤ ቧንቧው ሥር ስታጥቡት የሚረጨው ውኃ ግን ሰሃኑንም ሰላጣውንም ያዳርሳል። ለውሻው ሥጋ የራሱ ቢላዋ፣ የራሱ መክተፊያ፣ የራሱ ጎድጓዳ ሳህን ይኑረው። ሳህኑ ብረት ይሁን፤ ፕላስቲክ ሲቧጨር ጀርም ይደብቃል። በሳሙናና በሙቅ ውኃ እጠቡት፣ ቀጥሎ ውኃ በተጨመረበት በረኪና አብሱ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አትቀላቅሉ። በግማሽ ሰዓት ያልበላውን አንሡ።

መቻል መጀመሪያ ላይ ሥጋውን አፉ ውስጥ ይዞ ወደ ሳሎን ምንጣፍ ይሮጥ ነበር። አሁን የሚበላው በረንዳው ላይ ባለ ሴራሚክ ላይ ነው፤ በሩን ዘግቼ። ከበላ በኋላ አፉን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግለታለሁ፣ ጨርቁን አፈላለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ። በዓመት አንዴ ደም ይመረመራል፤ ኩላሊቱ፣ ጉበቱ፣ ታይሮይዱ። የመጀመሪያውን ምርመራ ጥሬ ከመጀመራችሁ በፊት አስደርጉት፤ ያኔ ውጤቱን የምታወዳድሩበት ይኖራችኋል።